ወለቃ፦ ከአምስት ኮከብ ለአስጎብኚው ሦስት፣ ለጀበናዋ አምስት

ጎንደር ተወልጄ፣ ጎንደር አድጌ፣ ወለቃን የረገጥኩት ባለፈው ቅዳሜ ነው። ያሳፍራል። ወደ ደባርቅ ሲወጡ መንገድ ዳር ያለች፣ ቀድሞ የኢትዮጵያ አይሁዶች ይኖሩባት የነበረች መንደር ናት፤ ስንቴ በአውቶቡስ አልፌያታለሁ። የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ መጥታ «ካላየሁ» ስላለች ለግማሽ ቀን አስጎብኚ ያዝን። ስሙን አልጠራም፤ እንጀራው ነው።

ልጁ ጨዋ ነው፣ ሰዓት ያከብራል። በ1983 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ከ14 ሺህ በላይ የኢትዮጵያ አይሁድ በአንድ ቀን ተኩል ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል መጓዙን ሲተርክ አፍ ያስከፍታል። ግን ከመነሻ እስከ መድረሻ «ፈላሻ፣ ፈላሻ»። ሸክላ የሚሸጡ አንዲት እናት ሰምተው ሰምተው፣ «ልጄ፣ እነሱ እኮ ይህን ስም አይወዱትም። ቤተ እስራኤል በል» አሉት።

እሳቸው ክርስቲያን ናቸው፤ ሙያውን የተማሩት ከሄዱት ጎረቤቶቻቸው ነው። ከዚያ በኋላ አስጎብኚያችን እሳቸው ሆኑ። «ርስት ተከልክለው ምን ይብሉ? እጃቸውን ነዋ!» አሉን። ሸክላው፣ ብረቱ፣ ሽመናው ከዚያ መጣ። ሠርተው ሲሸጡ ደግሞ «ቡዳ» ተባሉ። እዚህ ላይ አንገቴን ደፋሁ። አያቴ በወለቃ ምጣድ እየጋገረች፣ ሸክላ ሠሪ ስታይ ግን ፊታችንን በነጠላዋ ትሸፍን ነበር። እኔም ሮጬ ያለፍኩበት ቀን አለ።

እማማ እያወሩ እጃቸው አያርፍም። የሚሽከረከር ማሽን የለም። የጀበናዋን አንገት በጣታቸው እየሳቡ አወጡት፣ በእርጥብ ጠጠር አለሰለሱት። የአክስቴ ልጅ ስልኳን ስታነሳ «አስፈቅጂ» አልኳት። ፈቀዱ፤ መጀመሪያ ግን ሻሻቸውን አስተካከሉ።

ለጀበናዋ 350 ብር አሉ። እሷ «በ200» ልትል አፏን ስትከፍት በክርኔ ነካኋት። የጠየቁትን ከፈልኩ።

ቅሬታም አለኝ። መደርደሪያው ግማሹ ለቱሪስት የሚሆን አንበሳ ነው፤ ለቤት የሚሆን ዕቃ ጥቂት ነው። የሚጠቀለለው በጋዜጣ ብቻ ስለሆነ የገዛናት ትንሽ የዕጣን ማጨሻ ገል ባጃጅ ውስጥ ተሰነጠቀች።

ጀበናዋን በቡና አተላ ሁለቴ አሟሸኋት። አታፈስም፣ አተላም አታሳልፍም። ለሚሄድ ሰው፦ ዝርዝር ብር ይያዝ፤ ትልቅ ድስት የሚፈልግ ቀድሞ ይዘዝ።