«ከ49 ፓውንድ ጀምሮ» ብለው 622 ፓውንድ ወሰዱብኝ

ለንደን ላላችሁ ወገኖቼ ነው የምጽፈው። ሐሙስ ማታ ነው የሆነው። ዛሬ እሁድ ነው፣ ንዴቱ ግን አሁንም ደረቴ ላይ ነው። በደንብ የተኛሁበት ሌሊት የለም።

እነዚህን ሰዎች ታውቋቸዋላችሁ። ስልካችሁ ላይ የበር ቁልፍ ጥገና ብላችሁ ስትፈልጉ ከሁሉም በላይ የሚመጡት ናቸው። 24 ሰዓት፣ በ30 ደቂቃ ደጅዎ፣ ከ49 ፓውንድ ጀምሮ። ቁጥሩ የለንደን ስለሆነ ሰፈራችሁ ውስጥ ያሉ ይመስላል። ስልክ የምታነሳው ልጅ ድምፅዋ ማር ነው። ከዚያ ስም ያልተጻፈበት ነጭ ቫን ይመጣል። ሐሙስ ያ ቫን እኛ ደጅ ቆመ።

የኛ በር ነጭ ፒቪሲ፣ ፕላስቲክ ነው፣ ደብል ግሌዝ የሚሉት ጥንድ መስታወት ያለው። እዚህ አገር እንዲህ ዓይነት በር የሌለበት ሰፈር የለም። እጀታውን ወደ ላይ ስታነሱት ከበሩ ጠርዝ መንጠቆዎች ይወጣሉ፤ ከዚያ ቁልፉን ታዞራላችሁ። ሳምንቱ ሙቀት ነበር። ሰኞ እጀታው ከበደኝ። ማክሰኞና ረቡዕ በሁለት እጄ እየሳብኩ፣ በጉልበቴ በሩን እየገፋሁ ቆለፍኩት። ሐሙስ ጭራሽ እምቢ አለ። በሩ ይገጥማል፣ ግን አይቆለፍም።

የማታ ፈረቃ አለብኝ። የአረጋውያን መንከባከቢያ ነው የምሠራው፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ መግባት አለብኝ። ባለቤቴ ለሥራ ከከተማ ወጥቷል። ቤት ያሉት ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ የመጣችው እናቴና የዘጠኝ ዓመት ልጄ ናቸው። ሁለቱን ባልተቆለፈ በር ትቼ ልሄድ? አልችልም። ደወልኩ።

«ስንት ነው?» አልኳት። «ከ49 ጀምሮ ነው» አለችኝ። «ሁሉን ጨምሮ?» «ቴክኒሻኑ አይቶ ይነግርሻል።» እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ከፍተኛው ስንት ሊደርስ ይችላል፣ የማታ ጭማሪ አለው ወይ፣ ዕቃውስ ስንት ነው ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። «እሺ፣ ቶሎ በሉልኝ» ብዬ አድራሻዬን ሰጠሁ።

ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ20 ላይ መጣ። ወጣት ነው። ሰላምታ የለም። እናቴ ነጠላዋን ደርባ ውሃ በትሪ ይዛ ወጣች። ዞር ብሎ እንኳ አላያትም፣ እጁን ብቻ አወዛወዘባት። እሷ ደግሞ ትሪውን ይዛ ደረጃው ሥር ቆማ ቀረች።

እጀታውን ወደ ላይ ሳበው፣ አልሄደም። ከዚያ በሩን ከፈተና፣ በሩ ክፍት እንዳለ እጀታውን ደግሞ ሳበው። መንጠቆዎቹ ቀጭ ብለው ወጡ። መለሳቸው። ደገመው፣ እንደገና ወጡ። ምንም አልያዛቸውም። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ። በዓይኔ አይቻታለሁ፣ ምን ማለት እንደሆነች ግን አላወቅኩም።

ወደ እኔ ዞሮ «ጊርቦክሱ ሞቷል» አለኝ። በሩ ውስጥ ያለው፣ እጀታውን ከመንጠቆዎቹ ጋር የሚያገናኘው ሳጥን ማለቱ ነው። «እሱ ከሞተ ሙሉ መቆለፊያው ነው የሚቀየረው።» ዋጋውን ጠየቅኩት። «መጀመሪያ ልፍታው። ሳላይ ዋጋ አልናገርም።» ትክክል መሰለኝ። ሐኪምም ሳያይ አይናገርም ብዬ ዝም አልኩ።

ፈታው። እጀታውን አወጣ። ቁልፉ የሚገባበትን ሲሊንደር አወጣ። በበሩ ጠርዝ ያሉትን ብሎኖች በትራፓኖ አንድ በአንድ ፈትቶ ከላይ እስከ ታች የሚሄደውን ረጅም ብረት መዘዘው። ኮሪደሩ ምንጣፍ ላይ አጋደመው። ብሎኖቹን ኪሱ ከተታቸው። ልብ በሉ፣ መሬት ላይ አላስቀመጣቸውም፣ ኪሱ ነው የከተታቸው። እጀታው በነበረበት ቀዳዳ መንገዱ ወለል ብሎ ይታየኛል።

ያኔ ስልኩን አውጥቶ መደመር ጀመረ። አውራ ጣቱ ሲሄድ እያየሁ ነው። ለመምጣት 49። የማታ ጭማሪ 95። ጉልበት 150። ዕቃ 225። ከዚያ ቫት 20 በመቶ። ስልኩን አዙሮ ፊቴ ላይ ያዘው። 622 ፓውንድ ከ80 ሳንቲም።

ፀሐይ እንኳ አልጠለቀችም ነበር። የለንደን ሐምሌ ነው። የማታ ጭማሪ ሲለኝ ብርሃኑ ፊቱ ላይ አርፏል።

«49 አይደል እንዴ ያላችሁኝ?»

«ከ49 ጀምሮ» አለኝ። «ፍሮም» የምትለዋን ቃል ለብቻዋ ነጥሎ፣ አፉን ከፍቶ፣ ለሕፃን ፊደል እንደሚያስቆጥር ሰው ደገማት። ፍሮም። ፍሮም። እዚህ አገር 14 ዓመት ኖሬያለሁ። በእንግሊዝኛ ነው ሠርቼ የምበላው፣ በእንግሊዝኛ ነው የበሽተኛ መድኃኒት መዝግቤ የምፈርመው። ቃሏ አልጠፋችኝም። ሰውየው እንግሊዝኛ እንዳልገባኝ አድርጎ ሲያናግረኝ ግን መልስ ጠፋኝ፣ እውነት ያላወቅኩ መሰለኝ።

«ተወው፣ አልፈልግም» አልኩት። «እሺ። የመምጫውን፣ የማታውንና እስካሁን የሠራሁበትን ክፈዪኝና እሄዳለሁ።» «በሩስ?» «በሩ ያንቺ ነው።» ይህን ሲል ምንጣፉ ላይ የተጋደመውን ብረት በጫማው ጫፍ ገፋ አደረገው። ከዚያ «ባልሽ የለም? ከሱ ጋር ብነጋገር ይሻላል» አለኝ።

ሰዓቱን አየሁ፣ 3 ሰዓት ሊሆን ነው። በሩን አየሁ፣ ባዶ ቀዳዳ ነው። እናቴ ከደረጃው ሥር «ምን አለሽ ልጄ?» አለችኝ። «ምንም አይደለም እማዬ፣ ትንሽ ነው» አልኳት። እናቴን ዋሸኋት። ካርዴን አውጥቼ ከፈልኩ። ማሽኑ ደረሰኙን ሲተፋ ድምፁ አሁን ድረስ ጆሮዬ ላይ አለ።

ከዚያ «ገብተሽ ተቀመጪ፣ ስጨርስ እጠራሻለሁ» አለኝ። ወደ ቫኑ ሄዶ ረጅም ካርቶን ይዞ መጣ። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ጠራኝ። እጀታው ላባ ሆኗል። በአንድ ጣት ይነሳል። ደስ አለኝ፣ እንዲያውም «አመሰግናለሁ» አልኩት። ካርቶኑን ይዞ ሲወጣ አላሰብኩም። አሮጌው ዕቃ የታለ ብዬ አልጠየቅኩም። ሲወጣም የወጥ ቤቱን መስኮት በጣቱ አንኳኳና «ይሄም መስታወቱ መሐል ጤዛ ይዟል፣ ከነፍሬሙ መቀየር አለበት፣ እንደውልልሻለን» ብሎ ሄደ።

ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለአንድ አባት ነገርኳቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ እዚሁ ለንደን በርና መስኮት ሲገጥሙ የኖሩ ሰው ናቸው። ሲሰሙኝ ፊታቸው ተለወጠ። ከቅዳሴ በኋላ አብረውኝ ቤት መጡ።

በሩን ከፈቱ። ጎንበስ ብለው ጠርዙን አዩ። «አዲስ ነው ያለሽ?» አሉኝ። «አዎ ጋሼ።» «እስቲ ነይ እዪ።» ብረቱ ላይ፣ ከመንጠቆው ትንሽ ወረድ ብሎ፣ ምስር የምታህል ቀይ ነጥብ አለች። ኩቴክስ ነው። ልጄ ነች አምና የቀባችው። በዚህ ተቆጥቻታለሁ፣ በአሴቶን አስለቅቄ አልለቀቀልኝም። አዲስ የተባለው ብረት ላይ የልጄ ኩቴክስ ተቀምጧል። ሐሙስ ማታ ያ ብረት እግሬ ሥር ተጋድሞ ሳለ፣ ነጥቧ ወደ ላይ ዞራ፣ አይቻታለሁ። ዓይኔ አይቷታል። ልቤ ግን ቁጥሩ ላይ ነበር።

ጋሼ ማጠፊያውን አሳዩኝ። የላይኛው ማጠፊያ ነጭ ክዳኑ ተሰንጥቆ በግማሽ ተንጠልጥሏል። ውስጡ አለን ኪ የሚሉት የታጠፈች ትንሽ መፍቻ የምትገባበት ብሎን አለ። ሰውየው የሠራው ሥራ ይኸው ነው። እሷን ዞር ዞር አድርጎ በሩን ጥቂት ሚሊሜትር ከፍ አደረገው። በሩ መስታወቱ ስለሚከብድ በጊዜ ብዛት በማጠፊያው ላይ ይወርዳል። ፒቪሲ ደግሞ በሙቀት ያብጣል። በሩ ሲወርድ መንጠቆዎቹ ፍሬሙ ላይ ያለውን ቀዳዳቸውን ስተው ብረቱን ይመታሉ። እጀታው የከበደኝ ለዚህ ነው። ጊርቦክሱ ምንም አልሆነም።

ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር እዚህ ጋ ናት። እጀታው በሩ ተዘግቶ እምቢ ካለ፣ በሩ ተከፍቶ ግን ያለ ችግር ከሠራ፣ ብዙውን ጊዜ የተበላሸ ቁልፍ የለም። በሩ ወርዷል ወይም ተጣሟል ማለት ነው። ሰውየው ይህን ምርመራ ፊት ለፊቴ፣ ሁለቴ አድርጎ፣ መልሱን አይቶ ነው ዞሮ «ሞቷል» ያለኝ። ስህተት ነው እንዳልል ይህ አፌን ያዘኝ። አወቀ፣ ከዚያ ዋሸኝ። «ጊርቦክሱ ቢሰበርም እሱ ለብቻው ነበር የሚቀየረው» አሉኝ ጋሼ። «ዕቃው ከ100 ፓውንድ በታች ይገኛል።» የወጥ ቤቱም መስታወት እንዲሁ ነው፤ ጤዛ የያዘው ጥንድ መስታወት ብቻውን ወጥቶ አዲስ ይገባበታል፣ ፍሬሙ አይነካም።

ድርጅቱ ጋ ደወልኩ። ያቺው ባለ ማር ድምፅ ናት ያነሳችው። ነገሩን ስነግራት ማሩ አለቀ። «ጥሪሽ ተቀድቷል፣ ከ49 ጀምሮ ነው ያልኩሽ» አለችኝ። ስለ ኩቴክሱ ነገርኳት። ከጀርባዋ ላለ ሰው የሆነ ነገር አለች፣ ሁለቱም ሳቁ። በጆሮዬ ሰማሁት። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። ደረሰኙን ሳገላብጠው አድራሻ የለውም። «ሙሉ መቆለፊያ ከነመግጠሚያው» ይላል፣ ስልክ ቁጥርና ኢሜይል፣ በቃ።

አራት ሌሊት ነው የሠራሁበት ገንዘብ። አራት ሌሊት ሰው እያገላበጥኩ፣ አንሶላ እየቀየርኩ። በሩብ ሰዓት ወሰደው።

የምነግራችሁ ጥቂት ነው። እንግሊዝ ውስጥ ቁልፍ ሠሪ ለመሆን የመንግሥት ፈቃድ አያስፈልግም፣ ትራፓኖ ያለው ሁሉ ነኝ ማለት ይችላል። ማስተር ሎክስሚዝስ አሶሲዬሽን የሚባለው ማኅበር አባላቱን ይፈትሻል፣ ከእሱ ዝርዝር ላይ በፖስት ኮዳችሁ ፈልጉ። ጠቅላላ ዋጋው በጽሑፍ ሳይላክላችሁ አንድ ብሎን አታስፈቱ። አሮጌውን ዕቃ ተቀበሉ። ከ100 ፓውንድ በላይ ከሆነ በክሬዲት ካርድ ክፈሉ፣ በሕግ ባንኩም አብሮ ይጠየቃል። እኔ የከፈልኩት በዴቢት ነው፣ ክሬዲት ካርዴ እዚያው ቦርሳ ውስጥ ተቀምጦ። የካውንስል ወይም የአከራይ ቤት ከሆነ ደግሞ የውጭ በርና መስኮት ጥገና በአብዛኛው የአከራዩ ግዴታ ነው። ከኪሳችሁ ከማውጣታችሁ በፊት ደውሉላቸው።

ባንኬ ክፍያውን እንዲያስመልስልኝ ጠይቄያለሁ። የነጥቧን ፎቶ፣ ደረሰኙን፣ የተሰነጠቀውን ክዳን ልኬያለሁ። ልጄ ኩቴክሷን የቀባችበት ቀን ተቆጥቼ ለባለቤቴ የላክሁለት ፎቶም ስልኬ ላይ ተገኘ፣ ቀኑ ከነሰዓቱ አለው። ነገ ጠዋት ነፃ ምክር ወደሚሰጠው ድርጅት፣ ሲቲዝንስ አድቫይስ፣ የሸማቾች መስመር 0808 223 1133 እደውላለሁ። ጉዳዩን ወደ ትሬዲንግ ስታንዳርድስ፣ ሸማች የሚያጭበረብሩ ነጋዴዎችን ወደሚመረምረው የካውንስል ክፍል፣ የሚያስተላልፉት እነሱ ናቸው።

ከናንተ መካከል በዚህ ክረምት አድራሻ የሌለው፣ «ሙሉ መቆለፊያ ከነመግጠሚያው» የሚል ደረሰኝ የተሰጠው ካለ ይጻፍልኝ። የከፈላችሁትን መጠንና ቀኑን ብቻ። ነገ ስደውል አብሬ እነግራቸዋለሁ።