ብሩሽ ወይስ ስፕሬይ? በገዛ እጅ የተቀቡ አራት ቸርኬዎች ከአንድ ዓመት በኋላ

የቸርኬ ቀለም ተላጦ ዝገት ሲታይበት ባለቤቱ ራሱ ሊቀባው ይችላል፤ የሚያከራክረው በብሩሽ ይሁን በስፕሬይ የሚለው ነው። ይህን ለመለየት ስል የመኪናዬን የግራ ጎን ሁለት የብረት ቸርኬዎች በስፕሬይ፣ የቀኝ ጎኖቹን በብሩሽ ቀባኋቸው። የፊት ቸርኬዎች ከኋላዎቹ ይልቅ በፍሬን ሸራ ብናኝና በሙቀት ስለሚጎዱ፣ ለእያንዳንዱ ዘዴ አንድ የፊትና አንድ የኋላ መመደቡ ፍርዱን ትክክለኛ ያደርገዋል። የመኪና ግራና ቀኝ በአንድ ጊዜ ስለማይታይም ልዩነቱን ከእኔ በቀር ያስተዋለ ሰው የለም።

ዝግጅቱ ለሁለቱም አንድ ነው፤ አብዛኛው ድካም ያለውም እዚህ ላይ ነው። ቸርኬው ወልቆ ይታጠባል፣ ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ ይፋቃል፣ ከዚያም በ240 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ተጀምሮ በ400 ቁጥር እስኪለሰልስ ድረስ ይታሻል። ቀለሙ የተላጠበት ጠርዝ በጣት ሲዳሰስ እርከኑ የሚሰማ ከሆነ ማሸቱ አላለቀም፤ አዲሱ ቀለም እርከኑን ከመደበቅ ይልቅ ያጎላዋልና። ጎማ ለማሳመር የሚቀባው ቅባት አብዛኛውን ጊዜ ሲሊኮን ስላለበት ርዝራዡ በቅባት ማስለቀቂያ ተጠርጎ መውጣት አለበት። እኔ በመጀመሪያው ቸርኬ ላይ ይህን ችላ ብዬ ቀለም ብነፋበት፣ ቀለሙ እየሸሸ እንደ ፈንጣጣ ጠባሳ ክብ ክብ ጉድጓድ ሠራ፤ ሁሉንም ፍቄ እንደገና ጀመርኩ። ቀጥሎ ዝገት ተከላካይ ፕራይመር፣ ማለትም ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባው መነሻ ቀለም፣ ይቀባል፤ ቸርኬው አሉሚኒየም ከሆነ ግን ለአሉሚኒየም የተዘጋጀውን መምረጥ ያስፈልጋል፣ የብረቱ በደንብ ላይዝለት ይችላል።

ስፕሬዩ በመልክ ረገድ አቻ የለውም። ጣሳው በደንብ ተንጦ፣ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ርቆ፣ እጅ ሳይቆም ከጠርዝ እስከ ጠርዝ እየተነፋ ሦስት ስስ ንብርብር ሲደረግለት፣ በመካከሉም 10 ደቂቃ ያህል ሲጠበቅ፣ ገጹ ከፋብሪካ እንደወጣ ይሆናል። ቸኩሎ በአንድ ጊዜ ለመሸፈን የሞከረ ሰው ቀለሙ እንደ እንባ ሲወርድ ያያል። ሆኖም ከሚነፋው ቀለም ብዙው በቸርኬው ቀዳዳዎች አልፎ ይባክናል፣ ጎማውን ዙሪያውን በወረቀት መሸፈኑም ከመቀባቱ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። ሽታው ቀላል ስላልሆነ ሥራው አየር በሚዘዋወርበት ስፍራ ሊሠራ ይገባል፤ የጨርቅ ጭንብል ጠብታውን እንጂ ተኑን አያግድም፣ ስለዚህ ለተን የሚሆን ማጣሪያ ያለው ጭንብል ያስፈልጋል።

ስለ ብሩሽ ከመጀመሬ በፊት የነበረኝ ግምት ዝቅ ያለ ነበር፤ ተሳስቼ ነበር። ቀስ ብሎ የሚደርቅ የዘይት ቀለም፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ በጀርባው የተጋደመ ቸርኬ፤ እነዚህ ሦስቱ ከተሟሉ ቀለሙ ከመድረቁ በፊት በራሱ ተኝቶ አብዛኛውን የብሩሽ መስመር ያጠፋዋል። ጎንበስ ብሎ የሚመረምር ሰው መስመሮቹን ያገኛቸዋል፣ ቆሞ የሚያይ ግን አያገኛቸውም። ጉዳቱ ጊዜ ነው፤ በሁለቱ ንብርብሮች መካከል አንድ ቀን ጠብቄአለሁ፣ በዚያው ቀን ያረፈው አቧራም ዛሬ ድረስ በአንዱ ቸርኬ ላይ አለ።

ብሩሽ በግልጽ የሚበልጥበት ቦታ የዳዶዎቹ መቀመጫ ነው። መቀመጫውም ሆነ ቸርኬው ከመኪናው ጋር የሚገጥምበት የጀርባ ገጽ መቀባት የለበትም፤ ቀለሙ በጥብቀቱ ኃይል ሲደቅ ዳዶው ሊላላ ይችላል። በብሩሽ ቦታውን ዞሮ ማለፍ ይቻላል፣ በስፕሬይ ግን እያንዳንዱን ቀዳዳ መድፈን ግድ ነው። በየትኛውም ዘዴ ቢቀባ ዳዶዎቹ በመስቀለኛ ቅደም ተከተል፣ በመኪናው መመሪያ በተጻፈው ልክ ጠብቀው፣ ጥቂት ከተነዳ በኋላ ጥብቀታቸው እንደገና መታየት አለበት።

ከአንድ ዓመት በኋላ በስፕሬይ የተቀቡት፣ ክሊር (ቀለም አልባ አንጸባራቂ ንብርብር) ስለተደረበባቸው፣ አሁንም ያበራሉ፤ ነገር ግን ጠጠር በመታቸው ጠርዞች ላይ እስከ ፕራይመሩ ተፈንጥረዋል። በብሩሽ የተቀቡት ደብዘዝ ብለዋል፣ ቀለማቸው ወፈር ያለ በመሆኑ ግን የተፈነጠሩበት ቦታ ጥቂት ነው። ስለዚህ ለተራ የብረት ቸርኬ ብሩሽን እመርጣለሁ፤ ቀጫጭን ክንፍ ለበዛበት የአሉሚኒየም ቸርኬ ስፕሬዩ ይሻላል። ፊቱ በማሽን ተቆርጦ እንዲያብረቀርቅ የተደረገውን አንዱም አይመልሰውም፤ የተሰነጠቀ ቸርኬ ደግሞ መቀየር እንጂ መቀባት የለበትም።

የግራዎቹን ጠርዞች ባለፈው ሳምንት ለመጠገን ስፈልግ የስፕሬዩ አፍንጫ ደርቆ ተደፍኖ አገኘሁት፤ ከሥራው በኋላ ጣሳውን ዘቅዝቄ ጋዝ ብቻ እስኪወጣ ድረስ መንፋት ነበረብኝ። ጥገናውን የሠራሁት ከቀኞቹ በተረፈው ቀለም፣ በትንሽ ብሩሽ ነው።