የአባዬን ጠረጴዛ ለሠራው ልጅ ምስጋናዬ ይድረሰው

ዛሬ ጠዋት የቀሰቀሰኝ የመዶሻ ድምፅ ነው። አባዬ መዶሻ ሲመታ ከሰማሁ አራት ዓመት ሊሞላ ነበር። አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ አዳመጥኩ። ኳ... ኳ... ትንሽ ዝም ይላል፣ ከዚያ ደግሞ ኳ። እንባዬ መጣ።

ይሄን የምጽፈው አንድ ልጅ ለማመስገን ነው። አናጺ ለምትፈልጉም ጥቆማ ይሁናችሁ። ረዘም ይላል፤ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

አባዬ የድሬዳዋ ልጅ ነው። ዕድሜውን የፈጀው ምድር ባቡር ጥገና ክፍል ውስጥ ነው። የድሬ ሰው ሸሚንደፈር ይለዋል። ድሬዳዋን ራሷን የወለዳት ባቡሩ ነው፤ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. እዚያ ሲደርስ ነው ከተማ የሆነችው። በከተማዋ ከዚራ ሠፈር ዛፎች ሥር ላደገ ልጅ ብረት መቀጥቀጥ ሥራ ብቻ አልነበረም። አባዬ ቤት ውስጥ የተበላሸ ነገር ሲጣል አይወድም። ልጅ ሆኜ የተሰበረ መጫወቻ ይዤ ወደ እሱ ስሮጥ ትዝ ይለኛል። ሞርሳው ላይ፣ ዕቃ ቆንጥጦ በሚይዘው ከባድ ብረት ላይ፣ ያስረዋል፣ በሞረድ ያለሳልሰዋል፣ «ያዢ» ይለኛል። አለቀ።

እናቴ ካረፈች በኋላ አዲስ አበባ እኔ ጋ መጣ። ይዞ የመጣው አንድ ሻንጣ ልብስ፣ አንድ ሣጥን የእጅ መሣሪያ እና ያንን ሞርሳ ነው። ሞርሳውን አውቶቡስ ላይ ሲጭን ረዳቱ ሊጣላው ነበር አሉ።

ከዚያ ስትሮክ መታው። ቀኝ እጁ ደከመ። ንግግሩ ተያዘ። አእምሮው ግን አንድ ነገር አልጎደለበትም። የሚለውን ያውቃል፣ ቃሉ ነው ከአፉ እስኪወጣ ጊዜ የሚፈልገው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ እጁን የሚያሠራ፣ ራሱ የሚወደው ነገር ፈልጉለት አለችን። የሚወደውን እኔ አውቃለሁ። ሞርሳው ግን በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልሎ ጋራዥ ጥግ ላይ ተቀምጧል።

ጋራዥ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። የኪራይ ቤት ነው ያለነው። ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው የመኪና ማደሪያ አለን፤ ማታ መኪና ይገባበታል። ስለዚህ የሚያስፈልገን ቀን ቀን ወጥቶ የሚሠራበት፣ ማታ ግድግዳው ጋ የሚጠጋ ጠረጴዛ ነው። ነገ ከነገ ወዲያ አከራያችን ውጡ ቢሉን ደግሞ ተፈትቶ አብሮን መሄድ አለበት። ከዕቃ ማስቀመጫ ጋር። ይሄን ነው ያዘዝኩት። በሦስት ቦታ።

የመጀመሪያው ቤት ትልቅ ነው፣ የመስታወት በር አለው። 15 ሺህ ብር ቀብድ ተቀበሉኝ። በአሥር ቀን ይደርሳል አሉኝ። በአሥራ አምስተኛው ቀን ስደውል «ነገ»። ነገ ሲደርስ «እንጨቱ አልደረቀም»። ከዚያ ስልኩ ጥሪ አይቀበልም። ከሥራ እያስፈቀድኩ አራት ጊዜ ተመላለስኩ። ግማሹን ብር በልመና አገኘሁት፣ ግማሹ እንደወጣ ቀረ። የራሴን ገንዘብ የምለምን ሰው ሆኜ በሩ ላይ የቆምኩበትን ቀን አልረሳውም።

ሁለተኛው በሰዓቱ አመጣ። ሲያዩት ያምራል፣ ያብለጨልጫል። ለካስ ውስጡ ቺፕውድ ነው፣ ተጨምቆ የተጣበቀ የእንጨት ፍርፋሪ። እኛ ጋ ደግሞ በክረምት ከበሩ ሥር ውሃ ይገባል። ሐምሌ ሳያልቅ እግሩ ውሃ እንደነካው ዳቦ አበጠ። አባዬ ሞርሳውን አስሮ ጠበቅ ሲያደርግ ብሎኑ ከነእንጨቱ ተነቀለ። ያ ሁሉ ብረት እግሩ ላይ ሊወድቅ ለጥቂት ተረፈ። ስደውል ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «እሱ እኮ ለቲቪ ነው የሚሆነው፣ ማን ብረት እሰሪበት አለሽ?» ሳዝዝ ምን እንደሚሠራበት ሦስት ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ።

ሦስተኛው ሰው አምስት ሳንቲም አልወሰደብኝም። ግን ከሁሉም ያመመኝ እሱ ነው። ቤት መጥቶ ጋራዡን ለካ። አባዬ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። አንድ ነገር ሊናገር ጀመረ። ሰውየው ሳይጠብቀው ወደ እኔ ዞረና «እኚህ ሽማግሌ ናቸው የሚሠሩበት? አሁን ምን ያደርግላቸዋል፣ ቢያርፉ አይሻልም?» አለኝ። እዚያው ፊቱ። የማይሰማ ይመስል። አባዬ የጀመረውን ቃል ዋጠው። ሁለት ቀን ምግብ በቅጡ አልበላም። ከዚያ በኋላ የጠረጴዛ ነገር ባነሳሁ ቁጥር በእጁ «ተይው» ይለኝ ጀመር። እኔም ተውኩት። አንድ ዓመት ሙሉ።

አሁን ወደ ልጁ ልምጣ።

ኮተቤ መንገድ ዳር በቆርቆሮ የታጠረች ትንሽ ወርክሾፕ አለችው። ሠላሳ ዓመት ቢሞላው ነው። የጎረቤታችንን የተጣመመ በር ሲያቃና አየሁት። ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ የረገፈውን ሰጋቱራ ራሱ ጠረገ። እሱን አይቼ ነው የጠራሁት። ቅዳሜ ከሰዓት መጣ።

ጋራዡ ውስጥ ሲገባ ሜትሮውን አላወጣም። ቀጥታ አባዬ ጋ ሄደ። ዝቅ ብሎ ሰላም አለው። ባዶ ጀሪካን ገልብጦ ፊት ለፊቱ ተቀመጠና «ጋሼ፣ ምን ልሥራልዎት?» አለው።

አባዬ ዝም አለ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ቃሉ አልወጣም። እኔ እንደለመድኩት ልመልስለት አፌን ስከፍት ልጁ ወደ እኔ ሳያይ እጁን ከፍ አድርጎ «ቆይ» አለኝ። ጠበቀ። ሰዓቱን አላየም፣ ስልኩን አልነካም፣ አልተቁነጠነጠም። አባዬን ብቻ እያየ ጠበቀ። ለእኔ ግማሽ ቀን መሰለኝ።

«ሞር... ሳ» አለ አባዬ።

ልጁ ብድግ ብሎ «የታል?» አለ። ከረጢቱን ፈታ። ሞርሳውን ሁለት እጁ ላይ አድርጎ አባዬ ጉልበት አጠገብ አስቀመጠው። አቧራውን በራሱ ጃኬት እጅጌ ጠረገው። እጀታውን ሲያዞረው ጥርሱ ያለምንም ችግር ተከፈተ። «ጋሼ፣ ይሄማ የዛሬ ዕቃ አይደለም። ጠረጴዛውን ለዚህ ነው የምንሠራለት» አለ። የአባዬን ፊት ብታዩት! አራት ዓመት የጠፋ ሰው ተመልሶ መጣ።

ከዚያ እርሳስና ካርቶን ሰጠው። አባዬ በግራ እጁ እየተንቀጠቀጠ ሣለ። መስመሩ ጠማማ ነው፣ ልጁ ግን ሁሉም ገባው። እኔ አልገባኝም፣ እነሱ ግን ተግባቡ። ቀጥሎ «ጋሼ፣ እስቲ ይቁሙልኝ» ብሎ ክንዱን ዘርግቶ ካቆመው በኋላ ከእጁ አንጓ እስከ መሬት ለካ። አስቀምጦም ለካ፣ አባዬ ብዙ መቆም ስለማይችል። «ሳይነሱ ግራ እጅዎ የት ይደርሳል?» እያለ ግድግዳው ላይ በጠመኔ ምልክት አደረገ። ሦስቱም ሰዎች ጋራዡን ነበር የለኩት። አባቴን የለካው እሱ ብቻ ነው።

ጠረጴዛው በአሥራ ሁለት ቀን ደረሰ። በአሥራ ሁለት ነው ያለኝ፣ በአሥራ ሁለት። እግሩ ቱቦላሬ ነው፣ ላዩ ወፍራም ጣውላ። ሞርሳው ያለበት ጥግ ሥር ለብቻው ተጨማሪ እግር አለው፤ ሲመታ ክብደቱን መሬት ይቀበለዋል አለኝ። ጎማም አለው። አንዱን ብረት በእግር ጫን ስታደርጉት ጎማው ወርዶ ጠረጴዛው ይሽከረከራል። ስትለቁት ጎማው ይነሳና እግሩ ሁሉ መሬት ይረግጣል፣ ወዲያ ወዲህ የለም። እንዴት እንደሠራው እስካሁን አልገባኝም። እኔ ብቻዬን ማታ ማታ ግድግዳው ጋ አስጠጋዋለሁ፣ ይሄ ይበቃኛል። ፊቴ ብሎኖቹን ፈትቶ መልሶ ገጠመው። ቤት ብንቀይር አንድ ፒክአፕ ላይ ተጭኖ ይሄዳል።

ማስቀመጫው ደግሞ ግድግዳ ላይ የሚንጠለጠል፣ እንደ ቁም ሣጥን በር የሚከፈት ሰሌዳ ነው። ሲከፈት ፒንሳው፣ ካቻቢቴው፣ መጋዙ፣ ሞረዱ ሁሉም ተሰቅሎ ይታያል። ከያንዳንዱ ዕቃ ጀርባ የዕቃው ቅርጽ በቀይ ቀለም ተሥሏል። ይሄን ያለው አባዬ ነው። ባቡር ጥገና ክፍል እንደዚያ ነበር የሚደረገው፤ ማታ ሲዘጋ ቀዩ ባዶውን ከታየ አንድ ዕቃ አልተመለሰም ማለት ነው። አባዬ ይሄን ለማስረዳት ሩብ ሰዓት ፈጀበት። ልጁ ሩብ ሰዓቱን ሙሉ አዳመጠው። ከዚያ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ሰሌዳው ላይ አስቀምጦ በእርሳስ ዞረባቸው፣ ቀለሙን አባዬ ራሱ በግራ እጁ እንዲቀባ ብሩሹን ሰጠው። ሚስማርና ብሎን የሚቀመጥባቸው፣ ክዳናቸው ዞሮ የሚከፈት ጣሳዎችም አሉ። ክዳናቸውን ከመደርደሪያው ሥር መትቶታል፤ ጣሳውን ዞር ማድረግ ነው። ሁሉም አባዬ ከተቀመጠበት ሳይነሳ በግራ እጁ የሚደርስበት ቦታ ነው።

ስለ ብሩም ልናገር፣ ብዙ ሰው እሱን ነው የሚጠይቀኝ። ከነዕቃው 46 ሺህ ብር ተስማማን፣ 20 ሺህ ቀብድ ከፈልኩ። ርክክብ ቀን የብረቱንና የእንጨቱን ደረሰኝ አሳየኝ። ከዚያ በቴሌብር 1,850 ብር ላከልኝ። ምንድን ነው ስለው «ብረቱ ካሰብኩት ረክሶ አገኘሁት፣ ያንቺ ነው እህቴ» አለኝ። ቀብዴን ተቀብሎ ከጠፋ ሰው በኋላ ይሄን ስሰማ ምን እንደተሰማኝ እናንተ ገምቱ። ሳልጠራው ደግሞ ከሁለት ሳምንት በኋላ መጥቶ ብሎኖቹን አጠበቀ። አባዬ እግሩን የሚያሳርፍባት ትንሽ እንጨትም ይዞ መጣ። ለእሷ አልከፈልኩም። ልክፈል ብለውም አልተቀበለኝም።

አባዬ ዳነ አልልም። ቀኝ እጁ አሁንም ደካማ ነው፣ ቃሉም ይዘገያል። ግን ጠዋት ተነስቶ የሚሄድበት ቦታ አለው። የጎረቤት ጃንጥላ ጠግኗል። የረከቦታችንን እግር አስተካክሏል። የሠፈር ልጆች የተሰበረ መጫወቻ ይዘው ይመጣሉ፣ «ያዢ»፣ «ያዝ» ይላቸዋል። እነዚህ ሁለት ቃላት ሳይያዙበት ነው የሚወጡት።

እባካችሁ፣ አናጺ የምትፈልጉ ይሄን ልጅ አሠሩት። ጠረጴዛ በሉ፣ መደርደሪያ በሉ፣ በር በሉ። በተለይ ቤታችሁ የታመመ ወይም ያረጀ ሰው ካለ እሱን ጥሩት። ስሙን እዚህ እንዳልጽፍ ለምኖኛል፣ ብቻውን ስለሚሠራ ስልክ ሲበዛበት ትዕዛዝ ይዘገይብኛል ብሎ። በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ ግን ስልኩን እሰጣለሁ፣ ፈቅዶልኛል። ወረፋ ካለ ጠብቁት። ስትደውሉለት «የሞርሳው ጋሼ ልጅ ናት የላከችኝ» በሉት።