በአዳማ ያገኘሁት የፖሊመር ምርመራ አገልግሎት

ለመመረቂያ ጥናቴ የምጠቀምበትን ፖሊኢትሊን ግላይኮል የተባለ ፖሊመር (ተመሳሳይ ክፍሎች እንደ ሰንሰለት የተያያዙበት ረጅም ሞለኪውል) በማስ ስፔክትሮሜትሪ፣ ማለትም የሞለኪውሎችን ክብደት በሚለካ ዘዴ፣ ለማስመርመር፣ አዳማ ውስጥ ናሙና ተቀብሎ ወደ ውጭ አገር ቤተ ሙከራ ለሚልክ አንድ ድርጅት ሰጥቼ ነበር። ዘዴው ማልዲ ነው፤ ናሙናው የሌዘር ብርሃን ከሚመጥ ውሁድና ከጥቂት የሶዲየም ጨው ጋር ተቀላቅሎ ይደርቃል፣ የሌዘሩ ምት ሰንሰለቶቹን ሳይሰባብር፣ የሶዲየም አዮን (ኤሌክትሪክ ሙል ያለው አቶም) እንደያዙ ወደ ጋዝነት ያነሣቸዋል፣ ከዚያም የእያንዳንዱ ክብደት ከበረራ ጊዜው ይሰላል።

ውጤቱ በእውነት አስደስቶኛል። በውጤቱ ግራፍ ላይ የሰንሰለቶቹን ክብደት የሚያሳዩት ጫፎች በ44 ዳልተን (የአቶምና የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) ልዩነት፣ ማለትም በአንድ የኢትሊን ኦክሳይድ ክፍል ክብደት፣ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተደርድረዋል፤ ከአንዱ ጫፍ የሶዲየሙን 23 እና የተደጋጋሚውን ክፍል ብዜት ስቀንስ 18 ይቀራል፣ ይህም በሰንሰለቱ ሁለት ዳርቻዎች ሃይድሮክሲል (የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥምር) ከመኖሩ ጋር ይስማማል። አማካይ ክብደት ብቻ የሚሰጥ መለኪያ ይህን አያሳይም።

ቅሬታዬ በሪፖርቱ ትርጓሜ ላይ ነው። ከዋናዎቹ በ16 ዳልተን ከፍ ብለው የታዩትን ትንንሽ ጫፎች ሪፖርቱ በሰንሰለቱ ላይ ኦክስጅን የመጨመሩ (የኦክሲዴሽን) ምልክት ብሏቸዋል፤ በአሃዝ ዝርዝሩ ላይ ያለው ልዩነት ግን 15.97 (የፖታሲየምና የሶዲየም ክብደት ልዩነት) እንጂ 15.99 (የአንድ ኦክስጅን አቶም ክብደት) ስላልሆነ፣ በሶዲየም ፈንታ ፖታሲየም የያዘው ያው ሰንሰለት ነው። በጽሑፍ ሳስረዳቸው በትሕትና ተቀብለው አርመው ላኩልኝ።

ፖሊስታይሪን የተባለውን ፕላስቲክ የምታስመረምሩ የብር ጨው እንዲጨመር አስቀድማችሁ ጠይቁ። የፌስታል ፕላስቲክ የሆነው ፖሊኢትሊን ግን የብረት አዮን አጥብቆ የሚይዝበት ቦታ ስለሌለው ለዚህ ዘዴ አይመችም፤ የክብደት ስርጭቱ ሰፊ የሆነ ናሙናም ረጃጅም ሰንሰለቶቹ ከትክክለኛ ብዛታቸው አንሰው ይታያሉ።