እምቦጭ፣ ዳክዊድ፣ ፈርን ወይስ ማጣሪያ? አርሰኒክ ላለበት ውኃ የቱን ልግዛ?

በስምጥ ሸለቆ ፍሎራይድን የማያውቅ የለም። ጥርስ ስለሚያበልዝ ይታያል። በአካባቢው አንዳንድ ጉድጓዶች ውስጥ የሚገኘው አርሰኒክ የተባለው መርዝ ግን አይታይም፣ አይሸትም፣ ጣዕምም የለው። ቢያፈሉትም አይወጣም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ገንዘባችሁን ለላብራቶሪ ምርመራ አውጡ። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው መጠን በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው።

ውጤቱ ከዚያ በላይ ከሆነ "ተክል ያጠራዋል" የሚላችሁ ሰው አይጠፋም። እውነት አለው። ግን እስቲ አብረን እናስላ።

እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ አንድ ጥናት በሊትር 150 ማይክሮግራም አርሰኒክ ባለበት ውኃ ላይ እምቦጭንና ዳክዊድን (ውኃ ላይ የምትንሳፈፍ ትንሽ ተክል) አወዳድሯል። እምቦጭ በቀን በሄክታር 600 ሚሊግራም፣ ዳክዊድ 140 ሚሊግራም አርሰኒክ ከውኃው አነሱ። ሲሰሙት ብዙ ይመስላል። በ100 ካሬ ሜትር ገንዳ ስናስበው ግን የእምቦጩ ድርሻ በቀን 6 ሚሊግራም ነው። ያንን ውኃ ወደ 10 ለማውረድ 43 ሊትር አካባቢ ብቻ ያጠራል። መቶ ካሬ ሙሉ ተክል ለሁለት ጀሪካን! ዳክዊዱማ ለግማሽ ጀሪካን ነው። ለመጠጥ ብላችሁ ሕያው ተክል አትግዙ።

ዳክዊድ ሌላም ጣጣ አለው። ለዶሮና ለዓሣ መኖ ስለሚሆን ሰው "በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ" ይላል። አይሆንም። ተክሉ ያነሳው አርሰኒክ እዚያው ተክሉ ውስጥ ነው ያለው፤ ዶሮዋ ስትበላው ወደ እናንተ ይመለሳል።

እምቦጭን ከውኃ ስታወጡት ከታቹ ላባ የመሰለ ጥቁር ሥር ተንጠልጥሎ ይመጣል። ዋናው ነገር ያ ሥር ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በእንግሊዝ አገር ተመራማሪዎች ሥሩን አድርቀውና ፈጭተው በሊትር 200 ማይክሮግራም አርሰኒክ ባለበት ውኃ ውስጥ ጨመሩት። በ60 ደቂቃ ውስጥ ከ93 በመቶ በላይ አነሳ። ከሕያው ተክል ጋር አይወዳደርም። ሆኖም የሥሩ ዱቄት ከየት ሐይቅ እንደመጣ ሳታጣሩ አትግዙ፤ ፋብሪካ ፍሳሽ የሚለቅበት ውኃ ላይ ያደገ እምቦጭ የዚያን ውኃ ብረታ ብረት ይዞ ይመጣል። ሕያውን እምቦጭ ደግሞ ወደ አዲስ ቦታ በፍጹም አትውሰዱ። ጣና ላይ ገበሬው ወገቡ እስኪቆረጥ በእጁ ሲነቅለው አይተናል።

ፈርን አበባ የማያወጣ ቅጠላማ ተክል ነው፤ እዚህ ስንል ፕቴሪስ ቪታታ የሚባለውን ዓይነት ነው። የውኃ ተክል አይደለም፤ ሥሩ ውኃ ውስጥ ሲገባ ግን ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2001 ተመራማሪዋ ሌና ማ እና ባልደረቦቿ ፍሎሪዳ ውስጥ፣ እንጨት በኬሚካል ይነከርበት በነበረ ቦታ ላይ አገኙት። አርሰኒኩን ከሥሩ ወደ ቅጠሉ ያወጣዋል። ቅጠሉን ታጭዳላችሁ፣ መልሶ ይበቅላል። ለተበከለ የጓሮ አፈርና ለፍሳሽ እኔ ይህንን እመርጣለሁ። የታጨደው ግን ለከብት አይሰጥም፣ ምድጃም አይገባም።

ለመጠጥ በብረት የሚሠራ ማጣሪያ ግዙ። የባንግላዴሹ ኬሚስት አቡል ሁሳም የሠራው ሶኖ ማጣሪያ ብረት፣ አሸዋና ከሰል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የአንድ ሚሊዮን ዶላር ሽልማት አግኝቷል። ስትገዙ ሻጩን ሁለት ነገር ጠይቁት፦ ብረቱ በስንት ጊዜ ይቀየራል? አሮጌውስ የት ይጣላል?