ለጎባው ጎሚስታ

ምስጋናዬን ያኔውኑ በቃል ነግሬው ነበር፤ አልወጣልኝም። ስለዚህ ልጻፈው፣ ለሌላውም ይጠቅማል።

ባለፈው ኅዳር ቤተሰቤን ይዤ በራሳችን መኪና ባሌ ተራሮች ደርሼ መጣሁ። ዝናቡ ቆሟል፣ ተራራው ገና አረንጓዴ ነው፣ የአርሲ ስንዴ እየታጨደ ነው። ጸደይ ማለት ይሄ ነው። (ጸደይ ሳይሆን መጸው ነው የምትሉ ሊቃውንት፣ ገብቶኛል፤ ይቅር በሉኝ።) የሄድነው እኔ፣ ባለቤቴ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጃችንና አማቴ ነን። አማቴን ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። መኪናችን አሮጌ ራቭ ፎር ናት። ጉዞውን ያተረፈልን አስጎብኚ አይደለም፣ ሆቴልም አይደለም። ጎባ መግቢያ ላይ ያለ አንድ ወጣት ጎሚስታ ነው። ስሜን አታንሱ ስላለኝ አላነሳም።

ጥፋቱ የሚጀምረው ከኔ ነው። ሳሎን ቁጭ ብዬ ካርታ ሳይ የፓርኩ ዋና ቢሮ ዲንሾ ነው። ፓርክ ልናይ ከሆነ ፓርኩ ደጃፍ ማደር ነው ብዬ እዚያው ሦስት ሌሊት ያዝኩ። በአሰላ፣ በበቆጂ፣ በዶዶላ አድርገን 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነዳን። አርሲ ላይ ኮምባይነር መንገዱን ሞልቶ ከፊት ሲመጣ ዳር ይዞ ከመቆም ሌላ ምርጫ የለም፤ ሰዓታችሁን ስትቆጥሩ ይሄንንም ቁጠሩ።

ዲንሾ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ማታውን ብርዱ አጥንት ገባ። ያረፍንበት ቤት፣ ስሙ ይቅር፣ በስልክ «ሙቅ ውሃ ሞልቷል» ብሎኝ ነበር። ሙቅ ውሃው በጆግ መጣ። እማማ በሁለት ጋቢ ተጠቅልለው ራሳቸውን ሲያማቸው አደሩ። ጠዋት የሳነቴን፣ ከጎባ በላይ ያለውን አምባ፣ ቀይ ቀበሮ ልናይ ተነሳን፤ ቁርስ፣ ዕቃ፣ የልጅ ጫማ ሲባል ሦስት ሰዓት ሆነ። ሮቤን አልፈን ጎባ ልንገባ ስንል ጎማ ተነፈሰ። በትርፍ ጎማ እያዘገምን ጎማ የተደረደረበት በር ፊት ስንቆም አምስት ሰዓት ሆኗል።

ጎሚስታው ልጅ ጎማውን ፈትቶ በተቆረጠ በርሜል ውሃ ውስጥ ነከረው። አረፋው ቡልቅ ያለበትን ቦታ በጠመኔ ከበበና በጉጠት አንድ ሚስማር አወጣ። ሚስማሩን ለልጄ ሰጣት፤ እስካሁን የእርሳስ ማስቀመጫዋ ውስጥ አለ። ጠግኖ ሲጨርስ እዚያው ቢያበቃ ኖሮ 200 ብር ከፍዬ፣ አመስግኜ ሽቅብ እወጣ ነበር። እሱ ግን ጎማውን ከመግጠሙ በፊት የስልኩን መብራት አብርቶ ወደ ውስጥ አጎንብሶ አየ።

«ጋሼ፣ የፍሬኑን ሸራ መቼ ነው ያስቀየሩት?»

«ባለፈው ሳምንት። አዲስ አበባ።»

«አልተቀየረም።»

ደረሰኙ ኪሴ ውስጥ ነበር። አጎንብሼ አየሁት፤ ከጥፍሬ ቢወፍር ነው። የጋራዡን ስም አልጠራም፣ ግን ከሚስቴና ከልጄ ጋር የሳነቴን ቁልቁለት በዚያ ሸራ ልወርድ እንደነበር ሳስበው አሁንም ሆዴ ይላወሳል።

ልጁ ሸራ አይሸጥም። ሊሸጥልኝም አልሞከረም። ሮቤ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በባጃጅ ሄጄ ከመለዋወጫ ሱቅ እንድገዛ ነገረኝ፤ የሚገጥም መካኒክ ጓደኛውን እስክመለስ ጠርቶ አቆየልኝ። «ዛሬ አይውጡ፤ ቢፈጥኑም ደመና ነው የሚያገኙት» አለ። እኔ ደግሞ ተናድጃለሁ፤ አንድ ቀን ተቃጠለ፣ ማታ ተመልሰን ዲንሾ፣ ነገ እንደገና ይሄው መንገድ። ይሄንን ስነግረው ጠመኔውን አንስቶ በቆርቆሮ በሩ ላይ ሦስት ክብ ሠራ።

«ይሄ ዲንሾ። ይሄ ሮቤ። ይሄ እኛ።» ከሦስተኛው ክብ ወደ ላይ ክንዱ እስከደረሰ ድረስ አሰመረ። «ይሄ ሳነቴ። አጋዘኑን አይታችኋል?»

አይተናል። ዲንሾ ሳንደርስ መንገዱ በጋይሳይ ሜዳ ጠርዝ ያልፋል፤ አሥር ሰዓት ላይ የደጋ አጋዘኖቹ በመንጋ ሲግጡ ከመኪና ሳንወርድ ነው ያየናቸው። እማማ «ያሥር ሳንቲሙ!» ብለው ጮኸዋል።

«እንግዲያ ዲንሾ ምን ቀራችሁ?»

መልስ አልነበረኝም።

ነገሩን እንዲህ አስረዳኝ። አጋዘኑ ከአዲስ አበባ ስትመጡ መንገድ ላይ ነው፤ የፓርኩ ትኬትና መሪም ዲንሾ ስታልፉ እግረ መንገዳችሁን ይያዛል። ቀበሮው ግን ላይ ነው። ከዲንሾ የተነሳ ሰው ሳነቴ ለመውጣት መጀመሪያ ሮቤን፣ ባጃጁን፣ ገበያተኛውን ማለፍ አለበት፤ ጎባ ሲደርስ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ነድቶ ጠዋቱን ጨርሷል። ጎባ ያደረ ግን ከአልጋው ተነስቶ ዳገቱ ላይ ነው። ጎባ 2,700 ሜትር ገደማ ናት፤ ከዲንሾ ዝቅ ስለምትል እንቅልፍም ይወስዳል። ወደ እማማ ዞሮ «ዛሬ ራስዎን አያምዎትም፣ ኢንሻአላህ» አላቸው። የት እንደር ስለው «የፈለጋችሁበት። ፍራሹን እኔ አልተኛሁበትም» አለኝ። ኮሚሽን የሚቀበል ሰው እንዲህ አይመልስም።

ዲንሾ መጥፎ ናት ማለቴ አይደለም። በእግር ወይም በፈረስ ለሚጓዝ፣ ወፍ ለሚያይ ሰው ትክክለኛዋ ቦታ እሷ ናት። ሮቤም ባንክና ሆቴል ሞልቷታል፤ ማታ ለሚደርስ ሰው ትሆናለች። መኪና ይዞ፣ ሽማግሌና ልጅ አሳፍሮ፣ ሁለት ሦስት ቀን ብቻ ላለው ሰው ግን ጎባ ነው።

ጎባ አድረን በማግስቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሳን። ልጁ ከመውጣታችን በፊት መጥቶ ንፋስ ለካ። የኛ ክሪክ አንደኛውን እግሩን ሰብሮ ስለነበር የራሱን አዋሰን። ምክሩ አጭር ነበር፦ «ነዳጅ ሙሉ አድርጉ። ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ ይውረዱ። ፍሬኑን ይንኩት እንጂ አይቁሙበት።»

የኮሶው ዛፍ አለቀ፣ የአስታው ቁጥቋጦ አለቀ፣ ጅብራ የሚባለው ተክል ብቻ ቀረ። ከ4,000 ሜትር በላይ መኪናዋም እንደ ሰው ትንፋሽ አጠራት፤ ነዳጅ ብረግጥም አትሰማም። ኩሬው ዳር በረዶ ጋግሯል፤ ልጄ ወርዳ በጫማዋ ሰበረችው። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ፀሐይዋ መሬቱን ስትነካ ፍልፈሎቹ ከጉድጓድ ብቅ ብቅ ማለት ጀመሩ። ቀበሮው የመጣው ያኔ ነው። ቀይ፣ ቀጭን እግር፣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ አንድ እግሩን አንስቶ ቆመ። እኛም መተንፈስ አቆምን። ዘለለ፣ ሳተ፣ ሳተብኝ እንደማለት ዘወር ብሎ አየንና ሄደ። መሪያችን በኦሮምኛ ጀዳላ ፈርዳ፣ የፈረስ ቀበሮ፣ እንደሚባል ነገረን። በዓለም ላይ የቀሩት ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው። አራት አየን። አምስት ሰዓት ላይ ቱሉ ዲምቱ፣ 4,377 ሜትሩ ጫፍ፣ ደመና ዋጠው። ልጁ ያለው አልቀረም።

ከዚያ ቁልቁል ወደ ሐረና ጫካ። ጠመዝማዛው ያስፈራል፣ ዛፉ ጺም አብቅሏል፣ ጭጋጉ መስኮት ውስጥ ይገባል። በሁለተኛ ማርሽ ወረድኩ። ሪራ መንደር ላይ የጫካ ቡና ጠጥተን፣ ማር ገዝተን ተመለስን። ፍሬኑ ከላይ እስከ ታች አንድም ቀን አልሸተተም።

ክሪኩን ስመልስ «ተጠቀማችሁበት?» አለኝ። አልተጠቀምንም ስለው ደስ አለው። ትርፍ ገንዘብ ልሰጠው ብሞክር የማሩን አንድ ጠርሙስ ብቻ ተቀበለ።

ከሮቤ ስትመጡ ጎባ መግቢያ ላይ፣ በቆርቆሮ በሩ ላይ የጠመኔ ካርታ ያለበት ጎሚስታ ነው። ካላጠፋው። ጎማችሁ ደህና ቢሆንም ንፋስ አስለኩ፣ ሸራችሁንም አሳዩት። የራቭ ፎሯ ሰዎች ላኩን በሉት። ስለ እማማ ይጠይቃችኋል፤ ራስ ምታቱ ጎባ ያደሩ ለት ለቋቸዋል በሉልኝ።