ካርቶኑ ላይ «20 ትራክ ፕሮግራም» ስላለ ብቻ ሲዲ ማጫወቻ እንዳትገዙ

ሲዲ ማጫወቻ ለመግዛት ያሰባችሁ ሁሉ፣ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ። በተለይ ለእናት፣ ለአባት ወይም ለአያት የምትገዙ።

አሁን በየኤሌክትሮኒክስ ሱቁ የተደረደሩ አዳዲስ ማጫወቻዎች አሉ። ብሉቱዝ አላቸው፣ ፍላሽ ይቀበላሉ፣ ሬዲዮ አላቸው፣ መብራታቸው በየቀለሙ ያብለጨልጫል። ካርቶናቸው ላይ ደግሞ ከሲዲው ውስጥ 20 ትራክ፣ ማለትም 20 ዘፈን ወይም መዝሙር፣ መርጣችሁ በፈለጋችሁት ቅደም ተከተል ማጫወት እንደምትችሉ ተጽፏል። «ፕሮግራም» የሚሉት ይህን ነው። አንዳንዶቹ ግን ይህን አይሠሩም። ቁልፉ አለ፣ ሥራው የለም።

አክስቴ የገዙት እንዲህ ያለውን ነው። ብዙ ሲዲ አላቸው። መዝሙር፣ ስብከት፣ የድሮ ዘፈን። ስልክ ላይ መፈለግ፣ ማውረድ፣ መነካካት አይወዱም። ጠዋት ቡና ሲያፈሉ ከአንድ ሲዲ ውስጥ የሚወዷቸውን አራት መዝሙሮች ብቻ፣ በራሳቸው ቅደም ተከተል መስማት ነው የሚፈልጉት። የድሮው ማጫወቻቸው ይህን ለዓመታት ሠርቶላቸዋል። እሱ ሲያረጅ ሱቅ ሄዱና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ «ፕሮግራም አለው?» ሻጩ ካርቶኑን አዙሮ አሳያቸው። 20 ይላል። ከፈሉና ይዘው ወጡ።

ቤት ሲከፈት ማሽኑ ላይ «ፕሮግራም» የሚል ቁልፍ በእርግጥ አለ። ሲዲ ገብቶ ሲጫኑት ግን ምንም አይልም። ወደ ሬዲዮ ሲቀየር ይሠራል። ለካ ቁልፉ የተሠራው የሬዲዮ ጣቢያ ለመያዝ ብቻ ነው። ሪሞቱ ላይም ያው ቁልፍ አለ። የሪሞቱ ሌሎች ቁልፎች በሙሉ ይታዘዛሉ፣ እሱ ብቻ ዝም። መመሪያው ላይ ያለው ሥዕል ደግሞ ጭራሽ የሌላ ማሽን ነው። የሥዕሉ ስክሪን ደቂቃና ሰከንድ ያሳያል፤ የአክስቴ ማጫወቻ የሚያሳየው ሁለት አሃዝ ብቻ።

ይዘነው ተመለስን። የሻጩ የመጀመሪያ መልስ «ማዘር፣ እሱ የሚሠራው በኦርጅናል ሲዲ ብቻ ነው» የሚል ነበር። ኦርጅናል ሲዲ ይዘን ስለነበር እዚያው አስገብተን አሳየነው። ያው ነው። ቀጥሎ «ፋብሪካው ነው የጻፈው፣ እኔ ምን ላድርግ» አለ። በጣም ያናደደኝ ይሄ ነው። አንዲት ትልቅ ሴት አንድ ነገር ብቻ ለይተው ጠይቀዋል፣ እሱም «አለው» ብሎ ሸጦላቸዋል።

ይህ የኦርጅናል ሲዲ ሰበብ እናንተንም ሊያጋጥማችሁ ስለሚችል ትንሽ ላብራራው። ማንኛውም የድምፅ ሲዲ፣ በፋብሪካ የታተመም ሆነ ኮምፒውተር ላይ የተቀዳ፣ ወደ መሃሉ ቀዳዳ በሚጠጋው ጠርዝ ላይ ማውጫ አለው። ስንት ትራክ እንዳለ፣ እያንዳንዱ የት እንደሚጀምር እዚያ ተመዝግቧል። ሲዲ ስታስገቡ ማሽኑ ለጥቂት ሰከንድ የሚያስበው ይህንን ማውጫ እያነበበ ነው። ፕሮግራም ማድረግ ማለት ደግሞ የትራክ ቁጥሮችን ማሽኑ ውስጥ ማስያዝ ብቻ ነው። ሲዲው ላይ የሚጻፍ ነገር የለም። ስለዚህ አንድ ማሽን አምስተኛው ትራክ ላይ ሄዶ መጫወት ከቻለ፣ ያንኑ ሲዲ ፕሮግራም ማድረግ ያልቻለበት ምክንያት ሲዲው ሊሆን አይችልም። ሲዲ ማጫወቻ መጀመሪያ ጃፓን ውስጥ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ፕሮግራም በብዙ ማጫወቻዎች ላይ የተለመደ ነገር ሆኖ ነበር። ዛሬ «አዲስ ሞዴል» ተብሎ የሚሸጥ ዕቃ ይህን አጥቶ ካርቶኑ ላይ ብቻ መጻፉ ማታለል ነው።

እንግዲህ ሱቅ ውስጥ እንዴት እንደምትፈትሹት ልንገራችሁ። ቤታችሁ ያለውን፣ በደንብ የምታውቁትን አንድ የድምፅ ሲዲ ይዛችሁ ሂዱ። «የታሸገ ነው፣ አይከፈትም» ካላችሁ ሌላ ሱቅ ሂዱ። ለማሳያ የተቀመጠውን ፈትሻችሁ የታሸገውን መውሰድም አይበቃም፤ እጃችሁ የሚገባው ራሱ ይፈተሽ።

ሲዲውን አስገቡና ማሽኑ እስኪያነበው ጠብቁ። መጫወት ከጀመረ ስቶፕ በሉት። ይሄ ዋና ነገር ነው። አብዛኞቹ ማጫወቻዎች ፕሮግራም የሚቀበሉት ሲዲው ቆሞ እያለ ነው። እየተጫወተ ተጭናችሁ ዝም ቢል ጥፋት ላይሆን ይችላል። ከቆመ በኋላ «ፕሮግራም» የሚለውን ተጫኑ። ስክሪኑ ላይ «ፒ 01» የሚመስል ነገር መምጣት ወይም ቁጥር ብልጭ ድርግም ማለት አለበት። ወደፊትና ወደኋላ በሚያሳልፉት ቁልፎች አንድ ትራክ ምረጡ፣ ለምሳሌ 7። መልሳችሁ «ፕሮግራም» ተጫኑ፣ ተመዝግቧል። አሁን 3 ምረጡና እንደገና ተጫኑ። ከዚያ 9። ሆን ብላችሁ ቅደም ተከተሉን አዘበራርቁት። 3፣ 7፣ 9 ብላችሁ ብትመርጡ ማሽኑ የመረጣችኋቸውን በቁጥራቸው ተራ እያጫወተ ይሁን በእናንተ ቅደም ተከተል ለመለየት ይከብዳል። ከዚያ ፕሌይ። 7 መጀመር አለበት። ወደፊት ስታሳልፉት 8 ከመጣ ማሽኑ አልሰማችሁም፣ 3 ከመጣ ሰምቷችኋል። የቁልፎቹ አጠቃቀም ከማሽን ማሽን ትንሽ ይለያያል፣ ነገሩ ግን ይሄው ነው።

ሻጩ ሻፍል ወይም ሪፒት እያሳየ «ይኸው ፕሮግራም» ቢላችሁ እንዳትቀበሉ። ሻፍል ማሽኑ በራሱ ፈቃድ የሚያዘበራርቀው ነው። ሪፒት አንዱን ትራክ ወይም ሙሉውን ሲዲ መደጋገም ነው። እናንተ መርጣችሁ ያዘዛችሁትን በተራ ማጫወት ሌላ ነገር ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አስቀድማችሁ እወቁ። በአብዛኞቹ ማጫወቻዎች የያዛችሁት ፕሮግራም የሲዲው በር ሲከፈት ይጠፋል። መብራት ሲሄድም ብዙዎቹ ላይ ይጠፋል። በእኛ አገር የመብራት ሁኔታ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የምትገዙላቸው ሰው በየጊዜው እንደ አዲስ ራሳቸው ማስያዝ ይኖርባቸዋል። ስለዚህ ቁልፉ ማሽኑ ላይ መኖሩን፣ ጽሑፉ ለእሳቸው ዓይን መነበቡን፣ ስክሪኑ ከወንበራቸው መታየቱን ተመልከቱ። ፕሮግራም የሚሠራው በሪሞት ብቻ ከሆነ ሪሞቱ የጠፋ ቀን ፕሮግራሙም አብሮ ጠፋ ማለት ነው። የእንዲህ ዓይነቶቹን ርካሽ ማጫወቻዎች ሪሞት ለብቻው ፈልጎ ማግኘት ደግሞ ከባድ ነው። ሪሞት አልታዘዝ ሲል ችግሩ የማን እንደሆነ ለማወቅ የስልካችሁን የፊት ካሜራ ክፈቱ፣ የሪሞቱን አፍንጫ ወደ ካሜራው አዙሩና ቁልፉን ተጫኑ። በብዙ ስልኮች ላይ ነጣ ያለ ወይም ሐምራዊ ብርሃን ብልጭ ሲል ታያላችሁ። ሪሞቱ እየላከ ማሽኑ ካልታዘዘ ጉዳዩ የባትሪ አይደለም። እኛ ያደረግነው ይህን ነው፤ የሻጩ «ባትሪው ደክሞ ነው» እዚያው ላይ አበቃ።

ስብከት ወይም ትምህርት ለሚሰሙ ሰዎች ከፕሮግራም የማይተናነስ ሌላ ቁልፍ አለ። በአንድ ትራክ ውስጥ ወደፊትና ወደኋላ መሮጥ። አንዳንድ የስብከት ሲዲ ሙሉው አንድ ትራክ ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ። አርባኛው ደቂቃ ላይ መብራት ቢሄድና ማሽኑ በትራክ ውስጥ መሮጥ ባይችል ከመጀመሪያው መስማት ግድ ይላል። ጤነኛ ማጫወቻ የማሳለፊያውን ቁልፍ ተጭናችሁ ስትይዙት ይሮጣል፣ ስትለቁት ከዚያው ይቀጥላል። አንዴ ነካ አድርጋችሁ ስትለቁት ደግሞ ወደሚቀጥለው ትራክ ያልፋል። እነዚህ ርካሾቹ ላይ ተጭናችሁ ብትይዙትም ከትራክ ወደ ትራክ መዝለል ብቻ የሚያውቁ አሉ። ይህንንም ፈትሹ። የኋላውን ማሳለፊያ አንዴ ስትነኩት ያለፈው ትራክ ሳይሆን ያው ትራክ ከመጀመሪያው ቢጀምር ግን አትደንግጡ፣ አሠራሩ ነው። ያለፈውን ለማምጣት ሁለቴ ይነካል።

ከቁልፎቹ ባሻገር የመጨረሻውን ትራክ ሳትሰሙ አትውጡ። ሲዲ የሚነበበው ከመሃል ወደ ውጭ ነው፣ እንደ ሸክላ ከውጭ ወደ ውስጥ አይደለም። የመጨረሻው ትራክ ወደ ውጭኛው ጠርዝ ይጠጋል። ደካማ ሌንስ ወይም በደንብ ያልተገጠመ ማሽን መጀመሪያ ላይ ደህና መስሎ እዚያ ሲደርስ ነው መንተባተብ የሚጀምረው። በተለይ ምናለሽ ተራም ሆነ ሌላ ቦታ ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ይህን አትዝለሉ። ያገለገለ በመግዛታችሁ ግን አትፈሩ። እውነቱን ለመናገር በደንብ የተፈተሸ የድሮ ማጫወቻ ከእነዚህ ከሚያብለጨልጩት አዳዲሶች ይሻላል ባይ ነኝ። ቁልፎቹ ሥራቸውን ያውቃሉ።

የምትይዙትን ሲዲ ዓይነትም አጣሩ፣ አለዚያ ማሽኑን ያለጥፋቱ ትከሳላችሁ። እኛ ቤት «ሲዲ» ከምንለው ውስጥ ብዙው ቪሲዲ ነው፣ ምስል ያለው። የድምፅ ብቻ ማጫወቻ እሱን በትክክል አያጫውትም። ዲቪዲም አይሠራም። ኤምፒስሪ የተጫነበት ሲዲ ደግሞ ማሽኑ ላይ ኤምፒስሪ ይቀበላል ካልተባለ ዋጋ የለውም። ቢቀበልም ፕሮግራም በኤምፒስሪ ላይ የማይሠራባቸው ማሽኖች አሉ። ለፈተናው ተራ የድምፅ ሲዲ ይበቃል።

ውጭ አገር ሆናችሁ ለቤተሰብ የምትልኩም አላችሁ። አሜሪካ ያለው መብራት 120 ቮልት ነው፣ እኛ ጋ 220። ከአሜሪካ የመጣ ማጫወቻ ጀርባው ወይም ቻርጀር የሚመስለው ሶኬቱ ላይ «100–240» ካላለ በቀጥታ ከሰካችሁት ይቃጠላል። የሶኬት ጫፍ መቀየሪያ የእግሩን ቅርጽ ነው የሚቀይረው፣ ቮልቱን አይቀንስም። ከአሜሪካ የምትልኩ ከሆነ ከማጫወቻው ጋር ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር ላኩ፣ ወይም ብሩን ላኩና እዚሁ ተፈትሾ ይገዛ። ከአውሮፓ ለምትልኩ ቮልቱ አያሰጋም።

አሁን ቀድማችሁ የተሸወዳችሁ ካላችሁ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የገዛችሁት ዕቃ ጉድለት ካለበት ከገዛችሁበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥላችሁ ወይም ገንዘባችሁ እንዲመለስላችሁ የመጠየቅ መብት ይሰጣችኋል። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ግድግዳ ላይ መለጠፉ ይህን መብት አይሽረውም። ደረሰኝ ግን ያስፈልጋችኋል። ካርቶኑንም አትጣሉ፣ ማስረጃው እሱ ነው። ካርቶኑ ላይ «20 ትራክ» የሚለውን ፎቶ አንሱ። ማሽኑ አልታዘዝ ሲል ሲዲው ከመግባቱ ጀምሮ ሳይቋረጥ ቪዲዮ ቅረጹ። ሻጩ እምቢ ካለ በአካባቢያችሁ ያለ የንግድ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ አመልክቱ።

አክስቴ ደረሰኝ ነበራቸው። ሻጩ መጀመሪያ «በሌላ ሞዴል ልለውጥልሽ» አላቸው። እዚያው አስከፍተን በ7፣ 3፣ 9 ፈተሽነው። እሱም 7ን ጨርሶ 8 አለ። ከዚያ በኋላ ነው ደረሰኙንና የካርቶኑን ፎቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠን ገንዘባቸውን የጠየቅነው። ብዙ ተከራክሮ መለሰ። ማሽኑን ግን እዚያው መደርደሪያው ላይ መልሶ አስቀመጠው፣ ከነካርቶኑ። ይህን የምጽፍላችሁ ለዚህ ነው።

ስትገዙ ሻጩ ደረሰኙ ላይ የዕቃውን ሞዴል ቁጥርና «ሲዲ ፕሮግራም የሚሠራ» የሚል ቃል በእጁ እንዲጽፍላችሁ ጠይቁት። በሚሸጠው ዕቃ የሚተማመን ሰው ይጽፋል። ልጻፍ አልጻፍ ብሎ ካመነታ ብራችሁን ይዛችሁ ውጡ።